የቅዳሜ ስብርባሪ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ቀስታ የሚሏት ሴት ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትሰብር ነበር። ብስኩቱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ አልሻገተም፣ አላረረም፣ ጠርዙ እንኳን አልተሸረፈም። ትናንት ከሥራ ስትወጣ፣ ከሠፈሯ ጥቂት ፌርማታ አልፋ፣ ከማያውቃት ባለሱቅ በሙሉ ዋጋ የገዛችው ነው። ማሸጊያውን እዚያው መንገድ ዳር እየላጠች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስትከት አንድ መንገደኛ ቆሞ አይቷት ነበር፤ ያን ሁሉ እሽግ ፈታ አንዱንም አለመቅመሷ ገርሞት መሆን አለበት። አሁን ብስኩቱን በፎጣ ጠቅልላ በድስት ክዳን ትጫነዋለች። ቀጭ ይላል። ቆም ብላ ታዳምጣለች። ከመጋረጃው ወዲያ የአማቷ ማንኮራፋት ይሰማል፤ ከጎናቸው የሁለቱ ሴት ልጆቿ ትንፋሽ አለ። ሰላም ነው። እንደገና ትጫናለች።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ለእሷ ቀላል አልነበረም። ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሸጊያ ክፍል፣ ዓመታት አሳልፋለች። ቀስታ የሚለውን ስም ያወጡላትም እዚያ ያሉት ባልደረቦቿ ናቸው፤ እጇ የነካው ብስኩት አይሰበርማ። እንዲህ ያለችውን ሴት ብስኩት ስበሪ ማለት ልብስ ሰፊን የሰፋኸውን ቅደድ ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የሰበረችው ሁሉ እኩል ለሁለት ለሁለት ተከፍሎባት፣ «ይህን ያየ በማስመሪያ የተሰበረ ነው ይላል» ብላ ደግማ ሰብራዋለች። የፋብሪካው ስብርባሪ እንዲህ አይደለም። አንዱ ጥጉ ብቻ ይሸረፋል፣ አንዱ ሦስት ቦታ ይሆናል፣ አንዱ ዱቄት ሆኖ ከረጢቱ ሥር ይቀራል። ዛሬ ግን ደህና እየሄደላት ነው፤ እጇ ክፋት እየለመደ መጥቷል።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ጆሮው ጫፍ ላይ ከትናንት የቀረ ቀለም አይጠፋም። ቅዳሜም ስለሚሠራ ማልዶ ይነሳል። ኩሽናው በር ላይ ቆሞ ሚስቱን፣ ፎጣውንና የድስት ክዳኑን ተራ በተራ ሲመለከት ቆየ።

«ብስኩቱ ምን አድርጎሽ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ቀስ ብለህ አውራ፤ እማዬ ይነቃሉ።»

አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አንዱን አነሳና አገላበጠው። በሹክሹክታ ነገረችው። እስከ ዛሬ ከእሱም ደብቃው ስለነበር ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት።

«ቆይ እስቲ» አለ። «በሙሉ ዋጋ ትገዢዋለሽ። ትሰብሪዋለሽ። ከዚያ በግማሽ ዋጋ እንሸጠዋለን።»

«እማዬ ናቸው የሚሸጡት።»

«የዚህ ንግድ ትርፉ ምንድን ነው?»

«እማዬ» አለች ቀስታ።

ባሏ በእጁ የያዘውን ብስኩት ፎጣው ላይ መለሰ። የምትለው ነገር የገባው ከማንም በፊት ለእሱ ነው፤ እናቱ ናቸው። አማቷ በደህናው ዘመናቸው ገበያ መሀል ሽንኩርትና ቲማቲም የሚቸረችሩ፣ ሚዛን የሚያንቀጠቅጡ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ልጃቸው ቤት ገቡ። የመጀመሪያውን ዓመት መስኮት አጠገብ ካለችው ወንበር አልተነሱም፤ ሲበሉ በሰው ቤት እንደሚበላ እንግዳ ትንሽ ቆንጥረው «በቃኝ» ይሉ ነበር። በቃኝ የሚያሰኛቸው ጥጋብ እንዳልሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል። ሕይወታቸውን የመለሰላቸው የቅዳሜው ስብርባሪ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የተሰበረው ብስኩት አንድ ትልቅ በርሜል ውስጥ ይጠራቀምና ቅዳሜ ቀትር ላይ ለማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች በጣሳ ይታደላል። ብዙ የሰበረችውም፣ ምንም ያልሰበረችውም እኩል ነው የምትወስደው። ይህ ልማድ ቀስታ ከመቀጠሯም በፊት የነበረ ነው፤ የቀጠራት የድሮው አለቃ ራሱ «ደመወዙ ይኸው ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ስብርባሪ አለ» ብሎ ነው ያስፈረማት። አንድ ቅዳሜ አማቷ ከረጢቱን አዩት፣ መዘኑት፣ ልጆቹ የማይጨርሱትን በትንንሽ ፌስታል ቋጠሩና ዱካቸውን ይዘው መንገዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። ማታ ሲገቡ ሌላ ሴት ሆነው ገቡ። ከዚያ ወዲህ የመብራቱንና የውሃውን ሂሳብ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወጡ ጨው ሲያንሰው ይናገራሉ፣ ልጃቸው ሲያመሽ ይቆጣሉ፣ ሲርባቸው ይጨምራሉ።

በቅርቡ ግን ፋብሪካው አዲስ ማሽን አስገባ። ማሽኑ ብስኩቱን በጎማ ጣት እያነሳ፣ እየደረደረ፣ የሰው እጅ ሳይነካው ወረቀት አልብሶ ይለቀዋል። አንድም አይሰብርም። ባለሙያዎቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ። በርሜሉ ባዶውን ቀረ፤ አሁን አንዷ ሠራተኛ ጃንጥላዋን ታቆምበታለች። የቀስታ ደመወዝ የቤት ኪራዩን ከፍሎ፣ አውቶቡሱን ከፍሎ፣ ወሩ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቁጭ ይል ነበር፤ የቀረውን ወር ጎትቶ የሚያደርሰው ስብርባሪው ነበር። ባዶ እጇን የገባችበት ቅዳሜ ቢኖር ኖሮ አማቷ በማግስቱ ወደ መስኮቱ ወንበር ይመለሱ እንደነበር ስለምታውቅ፣ ባዶ እጇን አልገባችም። እስከ መቼ እንዲህ እንደምትዘልቅ ግን አታውቅም። ከዚህ በኋላ የምትገዛበት የላትም።

«ዛሬ ስለ ደመወዙ ከአለቃው ጋር ትገናኛላችሁ አይደል?» አለ ባሏ። «ዛሬ ተናገሪው። አንቺ ራስሽ።»

«እኔ መናገር አልችልም፤ ታውቃለህ።»

«ብስኩት መስበርስ ትችዪ ነበር?» ብሎ ከክዳኑ ሥር አንድ ጥግ ብስኩት መንትፎ እየበላ ወጣ። ቀስታ ከረጢቱን ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ኋላ ሸሸገችው፤ ከሥራ ስትመለስ እንዳመጣችው አስመስላ ልታወርደው። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣች። ስትወጣ የአማቷ ማንኮራፋት መቆሙን ልብ አላለችም።

ማሸጊያ ክፍሉ ከማሽኑ ወዲህ ጸጥ ብሏል፤ ድሮ የሴቶቹ ወሬ ከመጋገሪያው ድምፅ በላይ ነበር። አሁን ሴቶቹ የታሸገውን ወደ ካርቶን ሲከቱ ማሽኑ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ዝምታውን የማትቀበል አንዲት ብቻ አለች፤ ሬዲዮ ነው የሚሏት፣ አራት ልጆች ያሳደገች ፍልቅልቅ ሴት፣ የፋብሪካውን ወሬ ከባለቤቱ ቀድማ የምትሰማ። ሠራተኞቹ ስለ ደመወዙ ከአለቃው ጋር የሚነጋገር ሰው ሲመርጡ ሬዲዮን መረጡ። ቀጥለው ቀስታን መረጡ። ቀስታ ግራ ገብቷት «እኔ ምን ልሠራ?» ስትል፣ ሬዲዮ «እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ። ያንቺ ዝምታ ያሳፍራል» አለቻት። ከሻይ ሰዓት በኋላ ጋወናቸውን አራግፈው ወደ አለቃው ክፍል ወጡ።

የአለቃው ክፍል ትንሽ ናት፤ ግማሹን ጠረጴዛው ይዞታል፣ ግማሹን ሆዱ። ክፉ ሰው አይደለም። ሠራተኛውን ሁሉ በቅጽል ስሙ ይጠራል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ምሳውን ከቤቱ በሳህን ይዞ መጥቶ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይበላል። ፊቱ ለእንግዳ የተደረደረ የብስኩት ሳህን አለ፤ ማንም አይነካውም። ከጀርባው ግድግዳው ላይ የመንግሥት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ከዚህ አያንስም የሚለው።

«እሱን አይታችሁታል» አለ ወደ ኋላው ሳይዞር በአውራ ጣቱ እያመለከተ። «ሕጉ ያለውን እንከፍላለን። አንድ ሳንቲም አላጎደልንም።»

«አለቃ፣ ያንን የጻፉት ሰዎች በሱ አንድ ወር ይኑሩበት እስቲ» አለች ሬዲዮ። «ወር ከበዛባቸው አንድ ሳምንት። ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ሕግ ነው፤ እኔ አልጻፍኩትም።»

«የድሮው አለቃ ሲቀጥረን ደመወዝና ስብርባሪ ብሎ ነው የቀጠረን። ስብርባሪው ሲቀር ደመወዙ ዝም ይላል? እኛ የጠየቅነው ሰው የሚኖርበት ደመወዝ ነው።»

አለቃው ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ይህን ክርክር ከራሱ ጋር ያደረገው መሆኑ ያስታውቃል። «ሬዲዮ፣ የሚኖርበት የምትዪው ለማን ነው? አንቺ አራት ልጅ አለሽ። ጃንጥላዋን በርሜል ውስጥ የምታቆመዋ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሁለታችሁ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የምትሠሩት። እኔ የምከፍለው ለሥራው ነው፤ ቤት ውስጥ ስንት አፍ እንዳለ ልቆጥር አልችልም። ለኑሮ የሚበቃ ልክፈል ብል በማን ኑሮ ልለካው?»

ሬዲዮ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አየች። ጥያቄው የተንኮል ጥያቄ አልነበረም፤ ቀስታም ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ጠይቃው ታውቃለች። እሷ ራሷ በቃኝ የምትለው የት ላይ ነው? ኪራዩና እህሉ ላይ? ልጆቿ ጫማ እስኪጨመር? አማቷ ሳይሳቀቁ እስኪበሉ? ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ አንዱንም የሚያውቅ አይመስልም። ሬዲዮ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ወደ አለቃው ጎንበስ አለች።

«አለቃ፣ ማሽኑን የተከሉት ሰዎች በሳምንት ይህን ያህል ዘይት ይጠጣል ሲሉዎት ምን አሏቸው? ሕጉ አንድ ማንኪያ ነው የሚለው ብለው ተከራከሩ?»

አለቃው ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ፈገግታውን ለመደበቅ አገጩን አሸ። «ማሽን ሌላ ነው።»

«ሌላ ነው። ማሽኑ ልጅ አያስተምርም።»

ስልኩ ጮኸ። ዘበኛው ነው። አለቃው አዳመጠ፣ ቅንድቡን ሰቀለ፣ ቀስታን አየ፣ እንደገና አዳመጠ። «ያስገባቸው» አለና ስልኩን አስቀመጠ። «አንዲት እናት በር ላይ ናቸው። ብስኩት ልመልስ ነው የሚሉት። አማቷ ነኝ ይላሉ፤ ያንቺ።»

ቀስታ ወደ በሩ ዞረች። ደረጃው ላይ የአማቷ የከዘራ ድምፅ ቀስ እያለ ወጣ። በሩ ተከፈተ። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ከዘራውን ይዘው በሌላው ከቁምሳጥኑ ላይ የወረደውን ከረጢት አቅፈዋል። ቀስታን አላዩአትም፤ ማለት አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ከረጢቱን አለቃው ጠረጴዛ ላይ፣ የእንግዳው ሳህን አጠገብ አስቀመጡ።

«ጌታዬ» አሉ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ልጄ ተሳስታለች። ይሄ ያልተነካው ነው፣ መልሼዋለሁ። ሌላውን ሸጬዋለሁ፤ ያኔ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዋጋውን ከኔ ይቀበሉ፤ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ። እሷን ግን ከሥራ አያስወጡብኝ። ክፉ አመል የለባትም፤ ቤቱ ጎድሎባት ነው።»

«እናቴ፣ ቁጭ ይበሉ መጀመሪያ» አለ አለቃው ግራ ተጋብቶ። «ምን አድርጋ ነው?»

«ሙሉ ብስኩት ከዚህ ታወጣና ስብርባሪ እንዲመስል ትሰብረዋለች። ዛሬ ማለዳ ሰብራ ስትሸሽገው በመጋረጃው ቀዳዳ በዓይኔ አየኋት። ከዚያ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። ስብርባሪው ውስጥ ድሮ ያረረ አይጠፋም ነበር፤ የሠፈሩ ልጆች እሱን ነው የሚወዱት። አሁን አንድም ያረረ የለም። የት ሄደ እያሉ ያስጨንቁኛል።»

ሬዲዮ አፏን በእጇ ያዘች። ቀስታ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ሲያስቡት የነበረው ይህን ነው ማለት ነው፤ በአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ ሌባ ናት ብለው አስበው ዝም አሉ። ተናደደች፤ ንዴቷ ግን መቆሚያ አጣ፣ ምክንያቱም እኒሁ ሴትዮ በዚያ ጉልበታቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ያንን ደረጃ ወጥተው፣ የእሷን እንጀራ ሊለምኑላት መጥተዋል።

«ገዝቼው ነው» አለች።

ማንም አልሰማትም።

«ከሱቅ ገዝቼው ነው፣ እማዬ። በርሜሉ ባዶ ነው። አዲሱ ማሽን አይሰብርም።»

አለቃው ከረጢቱን ከፈተና አንድ ቁራጭ አወጣ። ማሽኑ ወረቀት ሳያለብስና ሳይቆጥር የሚለቀው ብስኩት እንደሌለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ እውነቷን መሆኑን ወዲያው አወቀ። ሌላው ነገር ግን አልገባው አለ። «ቆይ» አለ፣ ልክ እንደ ባሏ። «የኛን ብስኩት ገዛሽ። በሙሉ ዋጋ። ከዚያ ሰበርሽው።» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፤ በሳቅ ፈነዳ። ሬዲዮ ተከተለችው፣ ጠረጴዛውን እየመታች። ቀስታም በእንባዋ መሀል ሳቅ መጣባት። ያልሳቁት አማቷ ብቻ ናቸው። እሳቸው የገበያ ሴት ናቸው፤ ሂሳብ ላይ ነበሩ።

«አንዱን እሽግ በስንት ገዛሽው?» አሉ።

ነገረቻቸው። አማቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

«በኪሳራ ነው ለካ ስሸጥ የከረምኩት» አሉ። «እኔ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ንግዱ ደህና ነው እያልኩ እመጻደቃለሁ።»

ሳቁ ሲበርድ አለቃው ቀስታን ሌላ ሰው የሚያይ ይመስል አያት። ለምን እንዳደረገችው ሊጠይቅ አፉን ከፈተና አማቷን ሲያይ ተወው። ከሳህኑ አንድ ብስኩት አነሳ፣ ሳይበላው መለሰው። ከዚያ ደስ የሚል ሐሳብ እንደመጣለት ሰው ፊቱ በራ።

«ማሽኑን የሚቆጣጠር ሰው እየፈለግን ነው» አለ። «የሚወጣውን የሚያይ፣ ጉድለቱን የሚለይ። ሥራው ያንቺ ነው። ደመወዙ ሌላ ነው፤ እውነትም የሚኖሩበት ደመወዝ ነው። ከሰኞ ጀምሮ። ይሄን የስብርባሪ ነገር ግን እዚሁ እንዝጋው። ለሌሎቹ ሕጉ ያለው ይበቃል።»

አማቷ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ሬዲዮ በመስኮቱ ግቢውን ስታይ ቆየችና፣ ሳትዞር፣ ያለ ምንም ቂም «ውሰጂው» አለች። «እኔን ቢሉኝ እወስደው ነበር።» እውነቷን ነው፤ አራት ልጅ ያለው ሰው በዚህ አይታማም። ቀስታ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አየችው። ሌላ ክፍል የተጨመረበት ቤት፣ ለልጆቿ በየራሳቸው አልጋ፣ ወሩ እስከ መጨረሻው ድረስ በእግሩ ሲሄድ። ይህን ሁሉ ፈለገችው። መፈለጓን መደበቅ አልቻለችም፤ እጆቿ ጋወኗን ጨብጠው ነበር።

«አለቃ» አለች። «እኔ ብስኩት አልሰብርም።»

«እኮ ለዚህ ነው ሥራውን የምሰጥሽ።»

«ለዚህ አይደለም የምለው። በርሜሉ ውስጥ የኔ የሚባል አልነበረም። ግማሹን የምትሰብረው ሬዲዮ ነበረች።»

«ከግማሽም በላይ» አለች ሬዲዮ።

«ቅዳሜ ሲመጣ ግን ጣሳው ለኔም እኩል ነበር። አንድ ቀን እንኳን አንቺ ምን ሰበርሽ ያለኝ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ልጆቼ የበሉት፣ እማዬ የሸጡት፣ የነሱን ነው።» ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። «ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። እወደዋለሁ። ግን ስብርባሪውን እኩል ተካፍዬ ሙሉውን ለብቻዬ ልወስድ አልችልም። አለቃ ቅድም በማን ኑሮ ልለካው ብለው ጠይቀው ነበር። እኔ አላውቅም። በኔ ብቻ ግን አይለኩት።»

አለቃው የከረጢቱን አፍ መልሶ ቋጠረ። ምናልባት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለ ሰው ስጦታው ሲመለስበት ደስ አይለውም። በኋላ ስልኩን አንስቶ ለፋብሪካው ባለቤት ደወለ። ሦስቱ ሴቶች የሚሰሙት የእሱን ወገን ብቻ ነው። «አዎ፣ እነሱ ጋ ነኝ… አይ፣ አላመፁም… ብስኩት እየገዙ ነው… የኛን ነው እንጂ… አይደለም፣ ሊሰብሩት… ሊሰብሩት ነው ያልኩት…» ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዘ። ከወዲያ የሚመጣው ጩኸት ይሁን ሳቅ አይለይም። መልሶ አስጠጋው። የማሽኑን ዋጋ ጠቀሰ፣ የዘይቱን ነገር ራሱ እንዳሰበው አድርጎ ተናገረ፤ ሬዲዮ ቀስታን በክርኗ ነካ አደረገቻት። ስልኩን ሲያስቀምጥ ግንባሩ ላቦ ነበር።

«የቅዳሜው ከረጢት ከዚህ ወር ጀምሮ በገንዘብ ተተምኖ ደመወዛችሁ ላይ ይገባል» አለ። «የሁላችሁም። የቀረውን፣ የኑሮውን ነገር፣ ወር ሲገባ ባለቤቱ ራሱ ባለበት፣ የማሸጊያ ክፍሉ ሰው ሁሉ ባለበት እንነጋገራለን። ቃል የምገባው ይሄን ብቻ ነው።»

«የሚተመነው በስብርባሪ ዋጋ ነው በሙሉው?» አለች ሬዲዮ።

«በሙሉው። እሷ በገዛችበት።»

ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ ቀስታን አቅፋ አነሳቻት፤ ቀስታ ቀላል ናት፣ ሬዲዮ ደግሞ ጉልበት አላት። «ይሄ ወደ ነበርንበት መመለስ ነው፤ ኑሮው ገና ነው» አለች ስታወርዳት፣ ደስታዋን ሳትደብቅ። «ለሱ ደግሞ ሁላችንም እንገባለን፤ እስቲ ያኔ ወንበር ከየት እንደሚያመጣ አያለሁ።» ከዚያ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ለማድረስ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ታች ሳትደርስ ድምፅዋ ደርሶ ነበር፤ ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ለጊዜው አልተሰማም።

ቅዳሜ ሥራ የሚያልቀው ቀትር ላይ ስለሆነ አማትና ምራት አብረው ወጡ። ከረጢቱን ቀስታ ይዛለች። ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ አማቷ ካፖርታቸውን አላወለቁም። እስከ ፌርማታው ድረስ በአማቷ እርምጃ ሄዱ። ሁለቱም ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር ነበራቸው፣ ሁለቱም ሌላኛዋ እንድትጀምር ይጠብቁ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ከረጢቱ መሀላቸው ገባ። አንድ አውቶቡስ ሞልቶ አለፈ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ አማቷ።

«መስኮቱ ጋ ተመልሰው እንዳይቀመጡ ብዬ ነው።»

አማቷ መንገዱን ማየት ቀጠሉ። ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ አበሱት፣ አፍንጫቸውን የጠረጉ አስመስለው። «እኔም አልነገርኩሽም» አሉ። «ሌባ ናት እያልኩ ያንቺን ወጥ ስበላ ከረምኩ። ወጡ ደግሞ ጣፋጭ ነበር።»

ቀስታ ሳቀች። ሳቋ አማቷንም ያዛቸው፤ አንዲት ከአጠገባቸው የቆመች ተሳፋሪ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ፈገግ አለች።

«ከሰኞ ጀምሮ ያንን ብስኩት ሳይሰበር በጅምላ እገዛዋለሁ» አሉ አማቷ፣ ድምፃቸው ወደ ገበያው ድምፅ ተመልሶ። «አንድ በአንድ ከቸረቸርኩት ያተርፋል። አንቺ ግን እንዳትነኪብኝ፤ ንግድ አታውቂም።»

«እሺ እማዬ።»

ሌላ አውቶቡስ ብቅ አለ፤ ይሄኛው ወንበር ያለው ይመስላል። ቀስታ ተነስታ እጇን ዘረጋችላቸው። አማቷ እጇን ያዙ እንጂ ወዲያው አልተነሱም።

«ያ እንቢ ያልሽው ሥራ» አሉ። «ደመወዙ ስንት ነበር?»

«አልጠየቅኩትም።»

አማቷ ይህን ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው፣ ክብደታቸውን እሷ ላይ ጥለው ተነሱ።

«እንኳን አልጠየቅሽው» አሉ። «ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እኔ እሺ ብዬልሽ ነበር።»